ዘርፈሽና የፍሪዘሩ ብልቃጥ

ዘርፈሽን የጫኖ ሰው «የስኳሮች እናት» ይላታል፤ እሷም ስሙን አልጠላችውም። አባያ ዳር ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ እየገዛች ለሲቀላ ምግብ ቤቶች የምታስረክብ የአሳ ነጋዴ ናት። ከመኪናው መንገድ ዳር ባለው ቤቷ ከአልጋዋ የሚበልጥ ፍሪዘር ገትራለች፤ ሰው በልጁ እንደሚኮራ ትኮራበታለች።

ስኳር በሽታ የያዛት በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ሌላው ቢሆን ተከናንቦ ይተኛ ነበር፤ እሷ ግን ጤና ጣቢያ የተነገራትን ሸምድዳ መጣችና የሰፈሩ መምህር ሆነች። ክኒኑን የረሳ እሷን ካየ መንገድ ይቀይራል። ገበያ መሃል ጫማ አስወልቃ እግር ትፈትሻለች። «ቁስል አለህ? አሳየኝ! ምን ያሳፍርሃል፣ ላገባህ አይደለም!» ክፋት የላትም፤ አፏ ነው።

የጎረቤቷ የጉታ ልጅ አቢጋኤል ስኳር የያዛት በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የእሷ በክኒን የሚመለስ አልነበረም፤ ጧትና ማታ ኢንሱሊን መወጋት ነበረባት። ጉታ ሙዝ አምራች ነው፣ ቤቱ ማሳው መሃል ነው፣ መብራት የለውም። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር እጅጋየሁ ታዲያ ለልጅቷ ዘዴ አሳየቻት፤ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ፣ አሸዋው መሃል ትንሽ ማሰሮ፣ በትንሹ ውስጥ የመድኃኒቱ ብልቃጥ። አቢጋኤል ማሰሮውን ጥላ ሥር አኑራ፣ አሸዋውን ራሷ እያረጠበች፣ ራሷ እየተወጋች ደህና ከረመች።

ዘርፈሽ ማሰሮውን ያየች ዕለት በሳቅ ሞተች።

«ጉታ፣ ጠላ ነው የጠመቃችሁት? ጴንጤ አይደላችሁም እንዴ?» አለች። «በዚህ ሙቀት አሸዋ ምን ያቀዘቅዛል! የእኔ ፍሪዘር ምን ይሠራል?»

«ሲስተር ማሰሮው ይበቃል ብላኛለች» አለች አቢጋኤል ቀስ ብላ።

«ሲስተር ፍሪዘር የላትማ!»

ዘርፈሽ ዕድሜዋን ሙሉ ከአሳ የተማረችው አንድ ነገር ነው፤ የቀዘቀዘ ይሰነብታል፣ ድንጋይ እስኪሆን የቀዘቀዘ ደግሞ ጨርሶ አይበላሽም። ብልቃጡን ወስዳ ከቆሮሶው ጎን ቀበረችው። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ጧትና ማታ እሷ ዘንድ ትመጣለች፣ ዘርፈሽ በረዶ የሆነውን ብልቃጥ በብብቷ ይዛ ታሟሟዋለች፣ ልጅቷ ትወጋለች። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ይህን ለዘርፈሽ ማን ደፍሮ ይንገራት?

ብዙም ሳይቆይ አቢጋኤል ውሃ አልጠግብ አለች። ፊቷ ሟሟ፣ ቀሚሷ ሰፋት። ዘርፈሽ ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም።

«ሙዝ ትበያለሽ!»

«አልበላሁም፣ እትዬ።»

«ሙዝ መሃል እያደርሽ?»

«በጌታ ፊት ነው የምናገረው፣ አልበላሁም።»

«እስቲ እፍ በይብኝ!» አለችና አፍንጫዋን አስጠጋች። የልጅቷ ትንፋሽ ከመጠን በላይ እንደበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። ዘርፈሽ በድል አድራጊነት ወደ ጉታ ዞረች። «ና አሽትት! ይኸው፣ ሙዝ ሙዝ ይላል!»

ጉታ አሸተተ። እውነትም ይሸታል። እስከዚያች ደቂቃ ልጁን ያምናት ነበር፤ አሁን ግን በገዛ አፍንጫው መሰከረባት። ወደ ቤቱ ሄደ፣ ገጀራውን አነሳ፣ የደጁን ሙዝ ከተሸከመው ያልደረሰ ዘለላ ጋር ጨፈጨፈው። ሰው እንጀራውን በገዛ እጁ ሲቆርጥ ያየ ጎረቤት ሁሉ በድንጋጤ አፉን ይዞ ቀረ። አቢጋኤል ግድግዳ ተደግፋ ታይ ነበር። አላለቀሰችም፤ ለማልቀስም አቅም አልነበራትም።

በማግስቱ ጧት አቢጋኤል ከዘርፈሽ ደጃፍ ላይ ወደቀች። ሲጠሯት አትሰማም፣ ትንፋሿ እንደ ሯጭ ይጣደፋል። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሷት። የስኳር መለኪያው ቁጥር መስጠት አቅቶት ከልክ በላይ መሆኑን ብቻ ተናገረ። ሲስተር እጅጋየሁ ግሉኮስ ሳይሆን ጨው ያለበት ውሃ በደም ሥሯ እያስገባች፣ አዲስ ኢንሱሊን እየወጋች፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳትን መኪና እያስጠራች፣ «መድኃኒቷ የት ነበር?» አለች።

ዘርፈሽ ይህን ስትጠብቅ ነበር። ከቤቷ በአሳ በረዶ ከታ ያመጣችውን ብልቃጥ በኩራት አወጣች። «እንዳይበላሽ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።»

ሲስተር ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ውስጡ እንደተበጠሰ ወተት ጓጉሏል።

«ኢንሱሊን አሳ አይደለም፣ ዘርፈሽ! አንዴ በረዶ ከሆነ ብታቀልጪውም ጉልበት የለውም። ይህች ልጅ ስትወጋ የከረመችው የሞተ መድኃኒት ነው።»

«አፏስ?» አለች ዘርፈሽ። «ሙዝ ይሸት ነበር እኮ!»

«ኢንሱሊን ያጣ ሰው ትንፋሹ እንደዚያ ይሸታል። ያሸተትሽው በሽታውን ነው። ያኔውኑ ተሸክመሻት መሮጥ ነበረብሽ።»

ዘርፈሽ ክው አለች። ብብቷ ሥር ያ ብልቃጥ አሁንም ያለ ይመስል ክንዷን ከጎኗ አራቀች። ጉታ ደግሞ ትናንት ገጀራ ያነሱትን እጆቹን እያገላበጠ ያይ ነበር። እሷን ቢሰድባት በወደደች፤ አልሰደባትም።

ልጅቷ ተረፈች። ከሆስፒታል የተመለሰች ዕለት ማሰሮዋን ከጓሮ አውጥታ፣ አሸዋውን አርጥባ፣ አዲሱን ብልቃጥ ስታስቀምጥ ዘርፈሽ በተጨፈጨፈው ሙዝ መሃል መጣች። በሁለት እጇ እርጥብ ሣር ይዛለች። የጋሞ አባቶች እርቅ ሲለምኑ እንዲህ ሣር ይዘው ይንበረከካሉ፤ አዋቂ ሴት ለልጅ ስትንበረከክ ግን ጫኖ አይቶ አያውቅም። ዘርፈሽ ተንበረከከች።

ጉታ ደንግጦ ሊያነሳት ተንደረደረ። አቢጋኤል ቀደመችው፤ ሣሩን ከእጇ ተቀበለች። እርጥብ ሣር ይዞ የመጣ ሰው አይመለስም።

«ይነሱ፣ እትዬ» አለች።

ዘርፈሽ ጉልበቷን እያራገፈች ስትቆም ልጅቷ ቀና ብላ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥላ አባቷን አየች።

«እኔ ግን አልበላሁም ብዬ ነበር» አለች።