ለአባቴ የለመንኩት ወንበር

ዛሬ ጠዋት የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቼ እግሬን ዘፈዘፍኩ። ጉልበቴ ሰሞኑን ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል፤ ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለኝ፣ እኔ ግን ውርስ ነው ባይ ነኝ። እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታው ዐይኔን ጨፈንኩ። ልጄ፣ አንቺ ያላየሻቸው አያትሽ ከፊቴ ቁጭ አሉ፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ እግራቸውን ሳፋው ውስጥ አድርገው፣ በደብዛዛው የኩራዝ ብርሃን።

አባቴ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ደብር መሪጌታ ነበሩ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ልጃገረድ ነበርኩ። ቁርጥማቱ ጉልበታቸውንና የእጃቸውን ጣቶች የያዘው እኔ ሳልወለድ ነው ይባላል። ስለዚህ ያለ ሕመም አላውቃቸውም። ሕመሙ እንደ ደባል ቤታችን ይኖር ነበር፤ እሳቸውም ጠባዩን አጥንተውት ነበር።

ጠዋት ውሃውን የማፈላው እኔ ነኝ። እግራቸውን ዘፍዝፈው ሲያበቁ፣ እሳት ዳር በሞቀ የኑግ ዘይት ጣቶቻቸውን ተራ በተራ ያሻሉ። «በል እንግዲህ ተነሣ፣ ዛሬም ሥራ አለብህ» ይሉታል አውራ ጣታቸውን። ከዚያ በትራቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ። የደንገሉ እርጥብ ሽታ ገና ከሩቅ ይቀበለናል፤ ማገዶ የጫኑ ታንኳዎች ጭጋጉን ገፍተው ሲመጡ የቀዛፊዎቹ ድምፅ ከታንኳው በፊት ይደርሳል። በደህናው ቀን እስከ ውሃው ዳር ይሄዳሉ። በክፉው ቀን መንገዱ መሀል ካለው ዋርካ አያልፉም፤ ግን አይቀሩም። አንድ ቀን ቀለል ብሏቸው ሳይ «ትንሽ ራቅ እንበል እንጂ» ብላቸው ሳቁብኝ። «አንድ ጊዜ ተሻለኝ ብዬ ርቄ ሄድሁና ሳምንቱን ሁሉ ተኛሁ። ደህናው ቀን ነው የሚያታልል፤ ይኸን ጉልበት ነገም እፈልገዋለሁ» አሉኝ።

የሚፈልጉት ለማኅሌት ነበር። በበዓል ከካህናቱ ጋር መቋሚያቸውን ተደግፈው ያድራሉ። ወረቡ ሲነሣ ያ ጠዋት ጠዋት የሚለመን ጉልበት ከከበሮው ጋር እጥፍ ዘርጋ ይላል። እናቴ «ቤት ሲሆን ሲጥ ሲጥ የሚል፣ እዚያ ሲሆን የማን ጉልበት ነው?» እያለች ትቀልድባቸው ነበር። እሳቸውም አይክዱም፤ ለዚያች ሌሊት ሲሉ ነበር ሳምንቱን ሙሉ ከሕመማቸው ጋር የሚደራደሩት።

እኔ ግን መንገዱ ሰለቸኝ። ደግፌ የምመልሳቸው እኔ ነበርኩ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ረፍዷል፤ ከተማው ሁሉ በብስክሌት ሲከንፍ እኛ በየዛፉ ጥላ ሥር እያረፍን እንሄዳለን። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ወደ ቀበሌው የወጣቶች ስብሰባ ሲጣደፉ ያገኙናል። «ወደ ኋላ ነው እንዴ የምትሄዱት?» ብሎ አንዱ ደወሉን አቃጨለብን። በዚያ ዘመን በጓደኞቼ ፊት የቤተ ክህነት ልጅ መሆን ራሱ አንገት ያስደፋ ነበር። ክንዴን ከአባቴ ክንድ ላላ አደረግኩት። ገብቷቸው መሰለኝ፣ ሊፈጥኑ ሞከሩ። ያ መሞከራቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ክረምቱ እንደወጣ በአንድ በዓል፣ ወረቡ መሀል መቋሚያው ከእጃቸው አምልጦ ወደቀ። አንድ ዲያቆን አንሥቶ ሰጣቸውና ቀጠሉ። ለእሳቸው ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ለእኔ ግን ጥሩ ምክንያት ሆነልኝ። በማግስቱ ወደ ደብሩ አለቃ ሄጄ «አባታችን፣ አባቴን አሳርፉልን፤ ተጎዱብን» ብዬ አለቀስኩ። እንባዬ የውሸት አልነበረም። ግማሹ ለእሳቸው፣ ግማሹ ለራሴ እንደነበር ግን ያን ጊዜ ለራሴም አልነገርኩትም።

አለቃው ደግ ሰው ነበሩ። በሚቀጥለው በዓል ምንጣፍ ተነጥፎ ባለ መደገፊያ ወንበር ቀረበ። «መሪጌታ፣ ልጅዎ አዝናልዎት ለመነችን። እስከ ዛሬ ቆመው አገለገሉ፤ ከእንግዲህ ተቀምጠው ያዳምጡን፣ ስንሳሳት ያርሙን» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። በዚያ ሁሉ ካህን ፊት የተሰጠን ክብር እምቢ ማለት ትዕቢት ነው፤ አባቴ ደግሞ ይህን ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እጅ ነሥተው ተቀመጡ። ወረቡ ሲነሣ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ አየኋቸው፤ መቋሚያውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጣራ ጣራውን ያያሉ።

ከዚያ ወዲያ ውሃ ሳፈላ «ተይው ልጄ፣ ወዴት ልሄድበት ነው?» ማለት ጀመሩ። መጀመሪያ የሐይቁ ዳር ቀረ፤ ከዚያ ዋርካው፤ ከዚያ የግቢያችን በር። እናቴ የጤና ጣቢያውን ድሬሰር አስጠራች። ጉልበታቸውን ሊዘረጋ ሞከረና «ማነው ተቀመጡ ያላቸው? ይኸ በሽታ መቀመጥን ነው የሚወድ» አለ። እናቴ ወደ እኔ አላየችም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ አንቺ «እማዬ፣ አርፈሽ ቁጭ በይ» ስትይኝ የምቆጣሽ ለዚህ ነው። ክፉ ስላሰብሽ አይደለም፤ አውቃለሁ።

ተመልሼ አለቃው ዘንድ ሄድኩ። ወንበሩ ይነሣልን ብላቸው ደነገጡ። «ያከበርነውን ሰው እንዴት ተነሥተህ ቁም እንበለው? አዋረዱት አይባልም?» አሉኝ። አባቴ እግር ላይ ወድቄ ይቅርታ ስጠይቅም «አንቺ ምን አደረግሽ? ይረፉ ብለሽ ነው» አሉኝ። ምነው እንዲያ ባይሉኝ። የመንገዱን ነገር ልነግራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

በዓመቱ ለበዓል ተደግፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄዱም ቀረ። በአንድ የበዓል ጠዋት፣ ሰማዩ ገና ሲቀላ፣ የከበሮው ድምፅ ከሐይቁ ነፋስ ጋር እየቀረበ እየራቀ ይሰማል። ነቅተው አገኘኋቸው። የተኮማተሩት ጣቶቻቸው ብርድ ልብሱን ይመታሉ።

«ወረቡ ሊነሣ ነው። እስቲ አቁሚኝ» አሉ።

በብብታቸው ሥር ገብቼ አነሣኋቸው። በጣም ቀለዋል፤ ቢሆንም ያለችው ክብደታቸው በሙሉ እኔ ላይ ነበረች። በመስኮቱ ትይዩ ቆምን። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ከጉልበቴ ጋር ይጋጫል። ከንፈራቸው ዜማውን ይከተላል፣ ድምፅ ግን አይወጣቸውም። እንባዬ ትከሻቸው ላይ ሲወርድ ተሰማቸው።

«ደከመሽ፣ ልጄ?»

«ኧረ አልደከመኝም፣ አባባ።»

«እንግዲያስ ትንሽ እንቁም» አሉኝ።