የጋሽ ያዕቆብ የሕይወት ታሪክ፣ በቁማቸው

ሽሮ ሜዳ፣ እኛ ሰፈር፣ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን መቃብሩ ላይ የሚያነቡት ጋሽ ያዕቆብ ናቸው። የዕድራችን ጸሐፊ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ድምፃቸው ያለ ማይክ የመጨረሻው ረድፍ ድረስ ይደርሳል። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ያበዙታል ባይ ነኝ። ፀሐዩ አናት እየበሳ የሟቹን ሥራ ሁሉ አንድ በአንድ ሳይጠሩ አይለቁንም።

አምና ይሠሩበት የነበረው የሸማ ሱቅ ተዘጋና ቤት ዋሉ። ለእሳቸው ቤት መዋል ከሕመም አይተናነስም። ሥራ ቢያጡ የግቢያቸውን ዶሮዎች ሥርዓት ማስያዝ ጀመሩ፤ አጥር ስለምንጋራ ሁሉንም እሰማለሁ። ሸጎሌ የተከፈተ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ እንደሚፈልግ ሲሰሙ ግን ፊታቸው በራ። ማስታወቂያው «የሕይወት ታሪካችሁን ይዛችሁ ቅረቡ» ይላል።

«ይቺማ የእኔ ሙያ ናት!» አሉና ቁጭ ብለው ጻፉ።

ልጃቸው አይዳ ስታነበው በሳቅ ፈረሰች። «‹አቶ ያዕቆብ በሰው አክባሪነታቸው የሚታወቁ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ›? አባዬ፣ ይሄ እኮ ለሞተ ሰው ነው! እነሱ ሲቪ ነው የሚፈልጉት።»

«የሕይወት ታሪክ ነው የሚለው። እኔ ደግሞ በሕይወት አለሁ። ምኑ ጎደለ?»

አይዳ ኮምፒውተሯን ከፍታ ማሳጠር ጀመረች። ሽመናው ይግባ፣ ሱቁም ይግባ። በወጣትነታቸው ታክሲ ላይ የሠሩት ወያላነት ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይሄ ይውጣ። ክሊኒክ እኮ ነው!»

«ሥራ ክቡር ነው አይደል የሚባለው?»

«እሱ ታክሲ ላይ ሲለጠፍ ነው፤ ሲቪ ላይ አይሠራም።»

ጋሽ ያዕቆብ ተቆጡ። «ስሚኝ ልጄ። መቃብር ላይ ‹አናጢ ነበሩ› ስል፣ ካቀረቀረው ሰው መሀል አንዱ ቀና ይላል። አብሯቸው የሠራ ነው። ያቺን ከዘለልኩ ያ ሰው እንዳቀረቀረ ይቀራል። የኔዋን ስትዘይስ?»

አይዳ ግን በቀላሉ የምትረታ ልጅ አይደለችም። ወያላነቱ ወጣ፤ ሲቪውም ታተመ።

የቀጠሮው ዕለት ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ጠበቋቸው። መሀል ላይ የተቀመጡት ባለመነጽር ሰውዬ ዋናው ኃላፊ ናቸው፤ ከስልካቸው ቀና አላሉም። አጠገባቸው ያሉት ሴትዮ፣ «እስቲ ስለ ራስዎ ይንገሩን» አሏቸው።

ጋሽ ያዕቆብ ብድግ አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዚያ ድምፃቸው «አቶ ያዕቆብ በሽመና ሙያ...» ብለው ጀመሩ፤ ኮሪደሩ ላይ የነበሩ ሕመምተኞች ሳይቀሩ ጸጥ አሉ። ወያላነታቸው ጋ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አገላበጡት። የአይዳ ምክር ትዝ አላቸው። ዶሮዎቹም ትዝ አሏቸው። ሥራውን ክፉኛ ፈልገውታል።

«...ከዚያም በሽሮ ሜዳ ፒያሳ መስመር ከሹፌር ሸፊ ጋር በወያላነት አገልግለዋል።»

ባለመነጽሩ ሰውዬ ቀና አሉ።

«ሸፊ? ያ ጥርሰ ፍንጭቱ?»

«እሱ ራሱ! ያውቁታል እንዴ?»

«እንዴት አላውቀው! ዩኒቨርሲቲ እየተማርኩ ስድስት ኪሎ ተራ አስከባሪ ነበርኩ። ስንቴ ተጣልተናል መሰለዎት!» ኃላፊው ስልካቸውን ትተው ሳቁ። ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ዞረው አፈጠጡባቸው፤ ይህን ሰምተው አያውቁም ነበር።

ሴትዮዋ ወረቀቱን አገላብጠው፣ «ወያላነቱ ሲቪዎ ላይ የለም እኮ» አሉ።

«ተራ አስከባሪነቱ የኔም ላይ የለም» አሉ ኃላፊው።

ጋሽ ያዕቆብ ቀሪውን ቀጠሉ። መጨረሻ ላይ ልማድ ሆኖባቸው «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን...» ሲሉ ኃላፊው «ኧረ ይቆዩልን! ሰኞ ሥራ ይጀምራሉ» ብለው አቋረጧቸው።

ቤት ሲደርሱ አይዳ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። «እ... እንዴት ሆነ?»

ጋሽ ያዕቆብ ባርኔጣቸውን ሰጧት። «ቀና አሉ» አሏት።