የጀማሪ ድንጋይ

ለልጄ ለሐያት የማይክሮኮንትሮለር ፕሮግራም መለማመጃ፣ በኮምፒውተር የምትታዘዝ ትንሽ ሰሌዳ፣ ልገዛ አንድ ሱቅ ስገባ፣ ከጓሮ የሚመጣው ሽቦ የሚበየድበት የቀለጠ ስታኞ ሽታ አፍንጫዬን ይዞ እየጎተተ ሐይቅ ከተማ፣ ከአባቴ የሬዲዮ መጠገኛ ደጃፍ አደረሰኝ።

ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ከአምባሰል እየወረደ ሬዲዮዎቹን ጉንፋን ያስይዛቸው ነበር፤ ከውጫሌ ሳይቀር በፎጣ ተጠቅልለው እንደ በሽተኛ ይመጡ ነበር። አባቴም ጆሮውን አስጠግቶ ሲያዳምጣቸው ባለቤቶቹ ትንፋሻቸውን ይውጡ ነበር። እኔ ግን የምጓጓው ከጎኑ ላለችው ባዶ በርጩማ ነበር። «መጀመሪያ በእጅህ አንዲት አምፖል አብራ፣ ከዚያ ያንተ ናት» አለኝ።

ወዲያው «ሂድ፣ ሁለት ድንጋይ አምጣ» ቢለኝ እየሮጥኩ ወጥቼ፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ ተሸክሜ፣ ግንብ የሚያስጀምሩ ሁለት ቋጥኞች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት።

«ያ ረቢ! ሰይዶ፣ የባትሪ ድንጋይ ነው ያልኩህ! ይሄን የትኛው ሬዲዮ ይዋጠው?» ብሎ እስኪያነባ ሳቀ፤ ሰፈሩም «ኢንጂነር ድንጋይ» አለኝ።

ከዚያ አንዲት አምፖል፣ አንድ ክንድ ሽቦና ኃይላቸው የተሟጠጠ ሁለት የባትሪ ድንጋዮች ሰጠኝ። እናቴ «ምነው፣ ደህናውን ብትሰጠው?» ስትለው «ለጀማሪ የማያቃጥል ይሻለዋል፤ ቢሳሳትም አይቆጣውም» አላት። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ሲሞቅ ነፍስ ይዘራል፤ በዚያ ክረምት ግን ፀሐይዋ ራሷ ጥገና የገባች ይመስል ብቅ አላለችም። ድንጋዮቹን በብብቴ ይዤ እንደ ዶሮ ታቅፌ ብተኛም አልተፈለፈሉልኝም። በየቀኑ ሽቦውን አገናኝ ነበር፣ አባቴም በየቀኑ ሥራውን ትቶ ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር፤ አምፖሏ ግን ታሾፍብናለች።

መስከረም ሲጠባ እናቴ ድንጋዮቹን ከበርበሬዋ ጎን ሰፌድ ላይ አሰጣችልኝ፤ ከሰዓት ላይ ሽቦውን ሳስነካ አምፖሏ እንቅልፍ እንዳልጠገበ ዓይን ጭልጭል አለች። ለእኔ ግን ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ ያሉት ሁሉ ያዩዋት መሰለኝ። አባቴ በርጩማዋን በእግሩ ሳብ አድርጎ «ቢስሚላህ በልና ተቀመጥ» አለኝ። በጋውን ሙሉ ትከሻዬ ትከሻውን እየነካ፣ እሱ ሲበይድ እኔ ሽቦ እየያዝኩ ዋልኩ።

ዛሬ ለሐያት ብዙ አማርጬ የገዛሁላት ሰሌዳ መዳፍ አታክልም፤ መብራቷ አብሯት የተሠራ ነው፣ ብየዳ አትፈልግም፣ በአንድ ገመድ ከኮምፒውተር ትያያዛለች፣ ሲሳሳቱም የተሳሳተውን መስመር ታሳያለች። ቤት ገብቼ እንደሰጠኋት፣ ጫማዬን አውልቄ ሳልጨርስ ከጓዳ «ባባ፣ በራ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስደርስ መብራቱን በራሷ ዜማ እያስጨፈረችው ነበር።

«ገመዱ የላላ መሰለኝ፣ ልየው እስኪ?» አልኳት።

«አልላላም ባባ፣ አንተ እረፍ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከሰሌዳዋ ሳትነቅል።

አጠገቧ የምቀመጥበት ሰበብ አጥቼ በሩ ላይ ቀረሁ። ለጀማሪ የሚሆነውን አሳምሬ መርጫለሁ፤ ምነው ትንሽ የሚያስቸግረውን በገዛሁላት!