የአውሮፓው ህዳሴ

ከትዳሬ ፍቺ በኋላ አያት ሰፈር የተከራየሁትን ኮንዶሚኒየም በር ስከፍት የቀለም ሽታ ተቀበለኝ። ወዲያው በትዝታ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ።

ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ በነበረው ቤታችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ለታሪክ ፈተና ጮክ ብዬ አጠናለሁ። እናቴ ከሞተች ዓመት አልፏታል፤ አባዬ ግን ሳሎኑን እሷ ታማ ስትተኛበት እንደነበረው ትቶታል፣ መጋረጃውን እንኳን አያስነካም።

"ህዳሴ ብዙ ነገር ለወጠ" ብዬ አነበብኩ።

"ግድቡ?" አለ አባዬ ከውስጥ።

"ኧረ አባዬ፣ የአውሮፓው! ሥዕሉም ሕንጻውም እንደገና ያበበበት ዘመን።"

"ከዚያ በፊትስ ምን ሆነው ነበር?"

"ወረርሽኝ ገብቶ ሕዝቡን ጨርሶት ነበር፤ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ።"

አባዬ ተነሳ። በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

"ከዚያ ሁሉ ለቅሶ በኋላ ሥዕል?"

"መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው።"

"እንግዲያው ነውር አይደለም ማለት ነው" አለ፣ ግድግዳውን እያየ።

ነውር ያልሆነው ምኑ እንደሆነ አልገባኝም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን መጋረጃው ወርዷል፤ ሳሎኑ ቢጫ እየተቀባ ነው፤ የአባዬ ፂም ሳይቀር ቢጫ ሆኗል።

አሁን ያ ፂም ሸብቷል። እኔ ምስማር እንኳን ያልመታሁበትን የኮንዶሚኒየሙን ግድግዳ፣ በሰጠሁት ቁልፍ ገብቶ ወንበር ላይ ቆሞ ይቀባል።

"አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ህዳሴ ነዋ!"

"ግድቡ?" አልኩት፤ ሳቄ መጣ።

"የአውሮፓው" አለኝና ብሩሹን አቀበለኝ።