በደቦ የተቆፈረ ቦይ

ሰገነት ስትቆጣ ድምጿ አይጨምርም፤ ይቀንሳል። ጮክ ብላ ስትሳደብ የሚያውቋት ሁሉ ስቀው ያልፏታል። ዝቅ አድርጋ መናገር ስትጀምር ግን ነገር መጣ ብለው ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይሰበስባሉ። ባለፈው ክረምት ከአሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ማስፋፊያ ግርጌ ባለው ሰፈር ዝቅ አድርጋ ስትናገር ነው የሰነበተችው።

አሶሳ የገባችው በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ከወሎ፣ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነው። አንቶኖቭ የሚሉት የጭነት አውሮፕላን ሰፋሪዎቹን እንደ እህል ጆንያ ጠቅጥቆ አምጥቶ፣ አሁን በሚሰፋው በዚያው ሜዳ ላይ አራገፋቸው። እናቷ ስለዚያ ጉዞ ስትጠየቅ ስለ አውሮፕላኑ አታወራም፤ የምታወራው ስለ ውሃ ጥሟ ነበር። ያንን ጥም የቆረጠችላት አንዲት የበርታ ሴት ናት። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ ሳታውቅ፣ ሴትዮዋ እጇን ይዛ ሜዳውን አሻገረቻትና ከቁልቁለቱ ሥር ከሚወርደው ወንዝ አደረሰቻት። በርታዎቹ ወንዙን ኾር ይሉታል። ሰፋሪዎቹም ሌላ ስም ሳያወጡለት ኾር እንዳሉት ቀሩ።

የዚያች ሴት ልጅ ነዕማ ዛሬ የሰገነት ጎረቤት ናት። ሰገነት በኾሩ ዳር ካሮትና ቆስጣ ታለማለች፤ ነዕማ ከማዶ ባምያዋን። ካሮት ከመሬት ሲወጣ ጭቃ ለብሶ ስለሚወጣ ገበያ ከመድረሱ በፊት መታጠብ አለበት። ሰገነት ወራጁ ውስጥ ቆማ፣ በጆንያ እያሸች፣ እስኪያበራ ታጥበዋለች። የአሶሳ ገበያ ደንበኞቿ ካሮቷን የሚለዩት በዚያ ጥራቱ ነበር። ባሏን ወባ ከወሰደባት በኋላ ሦስት ልጆች ያሳደገችው በዚህ ውሃና በዚህ ስም ነው።

ሌላም ሥራ አላት፤ በሰፈሩ ደቦ የምትጠራው እሷ ናት። የደቦ ሕግ አጭር ነው፤ የተጠራ ይመጣል፣ የበላ ይሠራል። በወሎም እንዲሁ ነበር፣ በበርታዎቹም ዘንድ እንዲሁ ነው። ሰፋሪውና ነባሩ በወሰንም በከብትም ተጣልተው ያውቃሉ፤ በደቦ ግን ተጣልተው አያውቁም። ሰገነት በየደጁ ዞራ «ነገ ደቦ አለ» ካለች፣ የታመመ እንኳ ልጁን በምትኩ ይልካል።

ሚያዝያ ላይ የማስፋፊያው ተቋራጭ መሐንዲስ፣ እዩኤል የሚባል ለስላሳ አንደበት ያለው ወጣት፣ ይህንን ሰምቶ ቤቷ ድረስ መጣ።

«እትዬ ሰገነት፣ እርስዎ ከጠሩ የሚቀር የለም ብለውኛል» አላት። «ክረምቱ ሲገባ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ቤታችሁን እንዳይበላ አንድ ቦይ ያስፈልጋል። ማሽኖቻችን በሥራ ተይዘዋል። ከግቢያችን አጥር እስከ ኾሩ ድረስ እናንተ ብትቆፍሩ፣ ለራሳችሁ ነው።»

«ወደ ኾሩ የሚገባው ውሃ ምን ዓይነት ነው?» አለችው።

«ዝናብ ነዋ፣ እትዬ! ከሰማይ የወረደ።»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይኼ ነው። ደቦው ተጠራ፤ ፍየል ታረደ፤ ለሚጠጣው ጠላ፣ ለማይጠጣው ቀሪቦ ቀረበ። ሽማግሌው ሳይቀር ዶማውን ይዞ ወጣ። እየዘፈኑ ቆፈሩ፤ እዩኤልም ዶማ ይዞ አብሯቸው ፎቶ ተነሣ። ሰገነት ያን ቀን ሰፈሯን አይታ ኮርታ ነበር፤ ዛሬ ያንን ኩራቷን ስታስታውስ ምራቋን ትተፋለች።

ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ዶፍ ወረደ። ተቋራጩ ማሽኖቹን የሚያጥበው፣ የተቃጠለ ዘይት የሚቀይረው፣ የሬንጅ በርሜሎቹን የሚደረድረው አጥሩ ሥር ባለው ግቢ ነው። ዝናቡ ያንን ሁሉ አጥቦ፣ ቀዩን አፈር ጨምሮ፣ ሰፈሩ በገዛ እጁ በቆፈረው ቦይ ቀጥ ብሎ ኾሩ ውስጥ ገባ። ጎርፉ ሲያልፍ ዝቃጩ ቀረ፤ ከወራጁ ላይ ዘይት ተንሳፈፈ፣ ከዳርና ዳሩ ሣር ላይ ጥቁር ሬንጅ ተለጠፈ። ዝናብ በጣለ ቁጥር አዲስ ይጨመርበታል።

ሰገነት ካሮቷን እንደ ልማዷ አጥባ ገበያ ወጣች። የቆየች ደንበኛዋ አንዱን አንስታ አሸተተችና መልሳ ጣለችው።

«ሰገነት፣ ይኼን ያጠብሽው ነዳጅ ማደያ ነው እንዴ?»

ገበያው ሳቀ። ገበያ ደግሞ አንዴ ከሳቀ አይመለስም። በማግሥቱ «የናፍጣ ካሮት መጣች» የሚል ጥሪ ከአትክልት ተራው ጫፍ ተቀበላት። የጉድጓድ ውሃ አስቀድታ ደግማ አጠበችው፤ ሽታው አልለቀቀም። ከሥሩ ጠጥቶት የበቀለውን በምን ታስለቅቀው? የተመለሰውን ካሮት ቤቷ አስገብታ ለልጆቿ ቀቀለችው፤ ሌላ የሚቀቀል አልነበረም።

ነዕማ ባምያዋ ቅጠሉ ጠቁሮ ከረገፈ በኋላ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፣ እውነቱን ግን ይለያል።

«ሰገነት፣ አንተ ጠራህ፣ እኛ መጣ፣ ቆፈረ» አለቻት። «ወላሂ አንተ ጥፋት የለም። ግን አንተ ጠራህ።»

ሰገነት ውስጧ ተቃጠለ፤ በነዕማ አይደለም፣ በደቦው ነው። ሰው ለሰው የሚቆምበትን ነገር ወስደው ቆሻሻ መውረጃ አድርገውባታል። ዘረፋ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ሌባ እንኳ ሲሰርቅህ ራስህ እንድትሸከምለት አያደርግህም።

ቢሮ ለቢሮ ዞረች። አንዱ ጉዳዩ የተቋራጩ ነው አላት፤ ተቋራጩ ጋ ያለው ጸሐፊ የአካባቢውን አስተዳደር ጠይቂ አላት፤ እዚያ ያለው ደግሞ ውሃን የሚመለከት ክፍል አለ አላት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። በመጨረሻ እዩኤልን ግቢው በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«እትዬ፣ ይገባኛል እኮ» አላት። «ዝቃጩና ዘይቱ የሚቀርበት የማጣሪያ ጉድጓድ በዕቅዱ ላይ አለ። ከቦዩ በፊት መቆፈር የነበረበትም እሱ ነው፣ አልዋሽዎትም። አሁን ግን ዝናብ ነው፤ ማሽን ጭቃ ላይ አይሠራም። መስከረም ይጠባና እናያለን።» ያን ጊዜ ዝም ቢል ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። እሱ ግን ጨመረበት፦ «ደግሞ ቦዩን የቆፈራችሁት እናንተ ናችሁ። እኛ አላስገደድናችሁም።»

ሰገነት ትኩር ብላ አየችው።

«ልክ ነህ» አለችው፣ በጣም ዝቅ አድርጋ። «እኛ ነን የቆፈርነው።»

ከዚያ በየደጁ ዞራ ደቦ ጠራች፤ ለሰኔ ሚካኤል። በዚያ ቀን የተቋራጩ ሠራተኛ ሁሉ እረፍት ነው። የሰፋሪዎቹ ሽማግሌዎች ግን ተንጫጩ፦ በሚካኤል ቀን ዶማ?

«የተከለከለው መቆፈር ነው» አለቻቸው። «እኛ የምንደፍን ነን። ለሚካኤል ይኼ ይጠፋዋል ብላችሁ ነው?»

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ፣ ሌሎቹም ሳቁ፤ ሚካኤልን ተሳልመው የተመለሱት ከነነጠላቸው ወጡ። ዶማ ግን አልያዙም፤ ድንጋይና አፈር የሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ተሸከሙ። በርታዎቹ ቀርከሃ ቆርጠው መጡና ከቦዩ አፍ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ጥቅጥቅ አድርገው ተከሉት።

የግቢው ጥበቃ ዐብዱልቃድር ዱላውን ይዞ ሮጦ መጣ። የነዕማ ወንድም ልጅ ነው።

«አክስቴ፣ እኔ ተቀጣሪ ነኝ! ያባርሩኛል!»

«ሚያዝያ ላይ የደቦ ፍየል በላህ?» አለችው ነዕማ።

«በላሁ።»

«እንግዲያ?»

ዐብዱልቃድር ወደ ቢሮው ዞሮ አየ፤ ማንም የለም። ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ገባና የተቋራጩን አካፋ ይዞ ወጣ። ከእሱ በላይ የሠራ አልነበረም።

በማግሥቱ ከሰዓት ዝናቡ መጣ። የአውሮፕላን መንደርደሪያው ከፍታ ላይ ስለሆነ አልተነካም፤ የሰፈሩ ቤቶችም አልተነኩም። ከሁሉም ዝቅ የሚለው የተቋራጩ ግቢ ነው፤ ለካ ቦዩ ያስፈለገው ለእሱ ነበር። መውጫ ያጣው ውሃ ናፍጣውንና ሬንጁን ይዞ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ቢሮ ገባ፣ መኝታ ክፍል ገባ። እዩኤል ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ፍራሹን በራሱ ላይ ተሸክሞ ሲወጣ መላው ሰፈር ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያይ ነበር።

ፖሊስ ተጠራ። እዩኤል ለስላሳው አንደበቱ ጠፍቶበት «ልማት ማደናቀፍ ነው! እሷ ናት የጠራቻቸው!» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ» አለች ሰገነት ለፖሊሱ። «ቦዩ ሲቆፈርም የጠራሁት እኔ ነኝ። ያኔ ይኼ ሰውዬ አብሮን ፎቶ ተነሣ። የሚያሳስረኝ የትኛው ነው? የቆፈርኩት ወይስ የደፈንኩት?»

ፖሊሱ ጫማውን አየ። ጫማው ላይ የተለጠፈው ሬንጅ ነበር። ወደ መሐንዲሱ ዞሮ «ይኼ ነው እንዴ ወደ ታች የሚወርደው?» አለው። ሰገነትንም ይዟት አልሄደም።

ከዚያ የሆነውን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ሲያወራው ጥርሱን እየነከሰ ነው። ጭቃ ላይ አይሠራም የተባለው ስካቫተር በዚያው ጭቃ፣ በዚያው ዝናብ ተንደርድሮ መጣ። መስከረም የተባለው ጉድጓድ ሳይመሽ ተቆፈረ፤ ድንጋይና ጠጠርም ተሞላ፤ የተደፈነው የቦይ አፍ ያን ጊዜ ተከፈተ። ማንም አላጨበጨበም። ሰገነት ዝናብ እየመታት ቆማ አየች፤ ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ንዴቷ ባሰ። ይቻል ነበር ማለት ነው። የጠፋው ማሽን አልነበረም፤ የሚጠበቀው የእነ እዩኤል ፍራሽ እስኪርስ ነበር።

በሳምንቱ እዩኤል ዕርቅ ፈልጎ ከማሳዋ ድረስ ወረደ። ውሃው መጥራት ጀምሯል፤ ዝቃጩ ግን ከሥር እንዳለ ነው።

«ይኸው፣ እትዬ፣ ያሉት ሆነ» አላት። «ያለፈው አለፈ። እንዲያውም የቀረውን ካሮትዎን ለሠራተኞቻችን ወጥ ቤት እንግዛዎት።»

ሰገነት ጎንበስ ብላ አንድ ካሮት ነቀለች። ወራጁ ውስጥ ነክራ በጆንያ አሸችና እስኪያበራ አጥባ ሰጠችው።

«ቅመሰዋ መጀመሪያ» አለችው።

እዩኤል ካሮቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። አፉ ድረስ ግን አልወሰደውም። ዙሪያውን አየና ቀስ ብሎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው።

«ልጆቼ በልተውታል» አለችው።