የደገፋ ጉዲሳ የግል ማኅደር

መዝገብ ቤት የገባሁት ከጥበቃ ተነሥቼ ነው። ነፋስ ስልክ በነበረው መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ስድስት ዓመት ቆሜያለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን በጥበቃ ቤቷ ውስጥ እጄ የገባውን ሁሉ እያነበብሁ ራሴ ሞላሁት። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ አልማዝ አንድ ቀን በሩ ላይ ገቢና ወጪውን ሰው የምመዘግብበትን ደብተር ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ «ይህን የጻፍኸው አንተ ነህ? ሰኞ ጋዎን ወስደህ ወደ እኔ ና» አሉኝ።

ሰኞ ሄድሁ። የድሮ ወታደሮች የግል ማኅደር ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። «ሁለት ነገር ያዝ» አሉኝ። «ማኅደር ስታወጣ መውጫ ደብተሩ ላይ ፈርም። ለባለጉዳይ ወረቀት ስታስረክብ ማኅደሩ ላይ ያለውን ስም ጮክ ብለህ ጥራ። ‹አቤት› ያለ ቀርቦ ይፈርማል። ደግሞ አታንሾካሽክ፤ የወታደር ስም ነው የምትጠራው።»

ሥራውን ወደድሁት። መጀመሪያ በማውጫ ካርድ፣ በኋላ በኮምፒውተር ፈለግሁ። ኮምፒውተሩ ያጣውን እኔ ከመደርደሪያ ሥር ጎትቼ ሳወጣ ባልደረቦቼ ያጨበጭቡልኝ ነበር። ኮራሁ። የኮራ ሠራተኛ መጠየቅ ያቆማል፤ እኔም አቆምሁ።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ አቶ ደገፋ ጉዲሳ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። ከተማው ሳይደርስበት ለቡ ላይ ያረሱ፣ ዛሬም ከቤታቸው ጀርባ በቀረችው መሬት ጎመን የሚተክሉ ሰው ናቸው።

«ታናሽ ወንድሜ በዳዳ ጉዲሳ በደርግ ጊዜ ዘምቶ ቀረ» አሉኝ። «መሞቱን አብሮት የነበረ ሰው ነግሮናል። ወረቀት ግን አልመጣልንም። ልጆቼ ‹አጎታችን የት ተጻፈ?› ይሉኛል።»

ሦስት ቀን ፈለግሁ። ካርዱን አገላበጥሁ፣ ቦታቸውን የሳቱ ማኅደሮች የሚከማቹበትንም ጥግ አራገፍሁ። በአራተኛው ቀን መስኮቱ ላይ ቆሜ፣ «የለም» አልኋቸው።

«የለም ማለት?»

«አልተመዘገበም ማለት ነው። ያልተመዘገበ ደግሞ አልዘመተም።»

ይህን አፌን ሞልቼ ተናገርሁ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው ወደ መስኮቱ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲያው በእኔ ስም ፈልግልኝ» አሉ።

«እርስዎ ዘምተዋል?»

«አልዘመትሁም።»

በአሥር ደቂቃ ውስጥ የደገፋ ጉዲሳን ማኅደር አገኘሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ፀጉሩን የተላጨ፣ አንገቱ የቀጠነ ልጅ ፎቶ ተለጥፏል። ሽማግሌው ፎቶውን በአውራ ጣታቸው ጠርዝ ነካ አደረጉና፣ «ይኼው በዳዳ» አሉ።

የቅርብ ተጠሪ በሚለው ቦታ «ወንድም፣ በዳዳ ጉዲሳ» ይላል። የራሱን ስም ቤት ለቀረው ወንድሙ ትቶለት ሄዷል። ከሥሩ የሞት ማስታወቂያው አለ፤ ለበዳዳ ተጽፎ፣ ተልኮ፣ ተመልሷል። እንደ እኔ ያለ አንድ ጸሐፊ ጀርባው ላይ «ግለሰቡ በአካባቢው የለም» ብሎበታል። እውነቱን ነው፤ በዳዳ አልነበረም። ነገር ግን አንድ በር ቢያንኳኳ ኖሮ ወንድሙን ያገኝ ነበር።

ልጆቼን «በሰው አትፍረዱ» እያልሁ በቁጣ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን እኔው ፈረድሁ። «ታናሽዎን ልከው እርስዎ ቤት ተቀመጡ?» አልኋቸው።

«አልላክሁትም። የዘመቻው ዕጣ ለእኔ ነበር የወጣው። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ጠዋት ስነቃ እሱ አልጋው ላይ የለም። ዘማቾቹ በተሰበሰቡበት ሜዳ ላይ ‹ደገፋ ጉዲሳ› ብለው ሲጠሩ ‹አቤት› ብሎ መኪናው ላይ ወጥቷል። ሮጬ ስደርስ አቧራው ብቻ ቀርቷል። ተከትዬ ሄጄ ‹ደገፋ እኔ ነኝ› ማለት እችል ነበር። አላልሁም። ለሰው ሁሉ ‹ለሚስቴ ብዬ ነው› እላለሁ። ፈርቼም ነበር።»

ሠላሳ ምናምን ዓመት የተያዘ ነገር በአንድ መስኮት፣ ለማያውቁት ሰው እንዲህ ተነገረ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቃል ስለ ራሴ ተናግሬ አላውቅም።

ወይዘሮ አልማዝ ጉዳዩን ሰሙ። «ማኅደር አይፋቅም፤ ይታከልበታል። ፊርማ ያለበት ቃልና ሦስት ምስክር ይምጣ» ብለው አዘዙ። አቶ ደገፋን አስጠነቀቅኋቸው፤ «ይህ ወረቀት እርስዎን አያስመሰግንም። እዚህ ከገባ አይወጣም።»

«ለምስጋና አልመጣሁም» አሉኝ። «በእናንተ ወረቀት እኔ አንድ ጊዜ ሞቻለሁ። ነገ ደግሞ እሞታለሁ። እኔ ሁለቴ ስሞት እሱ አንዴ እንኳ አልተጻፈም።»

በሳምንቱ ከለቡ ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ ሚኒባስ መጡ። ሦስቱም ያን ጠዋት ሜዳው ላይ ነበሩ። አንደኛው ቃላቸውን ሰጥተው ሲጨርሱ፣ «ይህንንም ጻፍልኝ» አሉኝ። «ደገፋ ዶሮ ሲታረድ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። በዳዳ ይህን ያውቅ ነበር።»

«አሁንም እጨፍናለሁ» አሉ አቶ ደገፋ። አራቱም ሳቁ። ዶሮውን አልጻፍሁትም፤ የቀረውን አንድም ቃል ሳልጥል ጻፍሁ።

ወይዘሮ አልማዝ ፈርመው ማኅተም አደረጉ። በማኅደሩ ሽፋን ላይ ከደገፋ ስም በታች «በዚህ ስም ያገለገለው በዳዳ ጉዲሳ ነው» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍሁ። እጄ እንዲህ ተጠንቅቆ አያውቅም።

የማረጋገጫው ደብዳቤ ሲወጣ እንደ ደንቡ መስኮቱ ላይ ቆምሁ። የትኛውን ስም ልጥራ? አሰብሁና አዲሱን ጠራሁ። ጮክ አልሁ።

«በዳዳ ጉዲሳ!»

አቶ ደገፋ ከአግዳሚው ተነሡ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«አቤት» አሉ።

መጥተው ፈረሙ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር እኖራለሁ። አልፎ አልፎ አቶ ደገፋን ጎመናቸውን ሲኮተኩቱ አያቸዋለሁ፤ ቆሜ ሰላም ሳልላቸው አላልፍም። በእኔ ቦታ ለተተካችሁ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። የመዝገብ ቤት ሰው «የለም» አይልም። «እኔ አላገኘሁም» ይላል፤ ከዚያ በማን ስም ሊገኝ እንደሚችል ባለጉዳዩን ይጠይቃል።