ጠበል የገባበት ቀለም

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ የቆርቆሮ፣ የምስማርና የቀለም ሱቅ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕቃ ልጭን ባሕር ዳር ወርጄ፣ አከፋፋዩ ከአንድ ነጭ ባልዲ ቀለም ቀድቶ እንጨት ቀባና በጋዝ እሳት ሲለበልበው አየሁ። ቀለሙ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ግን አልተነካም። እኔ ነገር ቶሎ የሚገባኝ ሰው ነኝ ብዬ የማስብ ነኝ፤ ብዙ ጊዜ ጉድ የሠራኝም ይኸው ነው። አገሩ በሙሉ ቤቱን በባሕር ዛፍ ይሠራል፤ ይህንማ ሰው ይሻማበታል ብዬ አሥር ባልዲ ጭኜ መጣሁ።

ማንም አልተሻማበትም። በገበያ ቀን ከሱቄ ደጃፍ ሁለት አጣና አቁሜ፣ አንዱን ቀብቼ ሌላውን ባዶውን ትቼ፣ ሁለቱንም እሳት ለቀቅሁባቸው። ሰው ከቦ አየ፤ ጉድ ነው አለ፤ ሄደ። ገብስ ሊሸጡ የመጡ አንዲት እናት ብቻ ወደ ኋላ ቀርተው፣

«አሁን ይኸን ገዝታችሁ ቤታችሁን ቀቡ ነው የምትለን?» አሉኝ።

«አዎ እናቴ።»

«የኔን ቤት ጭቃ መርጌዋለሁ። ጭቃ ሲነድ አይተህ ታውቃለህ?»

በአካባቢው የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን እርር ብሏል። እውነታቸውን ነበር እኮ! በደንብ የተመረገ ግድግዳ እሳት አይፈራም። የኔ ቀለም የሚያስፈልገው ጭቃ የማይመረግ፣ እንጨቱ ፊት ለፊት የሚታይ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት በእኛ አገር ከቤተ ክርስቲያን በቀር የት ይገኛል?

አባቴ በስማዳ በኩል፣ ከወገዳ ወርዶ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ባለው ደብር ቄሰ ገበዝ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃና ሕንፃ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው። በዚያ ሰሞን ያረጀው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ ምሰሶው፣ ጣራው፣ የመቅደሱ ግድግዳና በሩ ሁሉ በጥድ እንጨት እንደ አዲስ ይሠራ ነበር። ለሥራው ምስማር ሊወስዱ ሱቄ ሲመጡ ያንኑ የአጣና ትርኢት አሳየኋቸው። አባቴ እንደ ሌላው ሰው አልሳቁም። ያልነደደውን አጣና አንስተው በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉና ከሥሩ ነጭ እንጨት ሲያገኙ በሌላም በኩል ፋቁት።

«ድጓው አለ መቼም፤» አሉኝ በመጨረሻ።

የትኛውን ድጓ እንደሆነ አውቃለሁ። በወጣትነታቸው የድጓ ምስክር ቤት ወደሆነው ቤተ ልሔም ሄደው ዜማ ሲማሩ መምህራቸው በገዛ እጃቸው በብራና ጽፈው የሰጧቸው ነው። ለደብሩ አበርክተውታል፤ የሚቀመጠውም መቅደሱ ውስጥ ነው፤ ሌላ ልጅ ቢኖራቸው እሱ ነው። ስድስት ባልዲ ለደብሩ ስለት አድርጌ ሰጠሁ።

ቀለሙን ራሴ ልቀባ ወደ ደብሩ ሄድሁ። ባልዲዎቹ ከወገዳ በኋላ በበቅሎ ነው የተጫኑት። የውጭውን ክፍል፣ ቅኔ ማኅሌቱን፣ ምሰሶ በምሰሶ ሦስት ጊዜ እየደራረብሁ በሦስት ባልዲ ቀባሁት። በዕድሜዬ እንዲህ ልቤን ሰጥቼ የሠራሁት ሥራ ትዝ አይለኝም። ወደ መቅደሱ ግን መግባት አልችልም። ልጅ ሆኜ ዲያቆን ነበርሁ፤ ትዳሬ ፈርሶ ሌላ ሳገባ ድቁናዬም አብሮ ፈረሰ። ታቦቱ ለጊዜው በተሠራለት ዳስ ውስጥ ቢሆንም መቅደሱ አንዴ ተባርኳልና ካህን ወይም ዲያቆን ያልሆነ አይገባበትም አሉ ካህናቱ። ስለዚህ ሁለት ዲያቆናት ተመረጡና ከደጅ አንድ ሳንቃ እየቀባሁ አስተማርኋቸው።

«ወፍራም ይሁን፤» አልኋቸው። «ቢከብዳችሁም ውኃ እንዳትጨምሩበት። ከሳሳ አይሠራም። ሦስቱም ባልዲ ማለቅ አለበት።»

እሺ ብለው ገቡ። እኔ ሱቄን ዘግቼ ብዙ መቆየት ስላልቻልሁ ወደ መካነ ኢየሱስ ተመለስሁ።

ለቅዳሴ ቤቱ በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው ስመጣ አባቴ ፊታቸው በርቶ ተቀበሉኝ። እጄን ይዘው ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰዱኝና አንድ ያልተከፈተ ባልዲ አሳዩኝ።

«ተረፈ!» አሉኝ። «በሁለቱ ብቻ መቅደሱ ዳር እስከ ዳር ተቀባ። በረከት ገብቶበት ነው።»

በረከት እንዳልሆነ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። አንዱን ዲያቆን ለብቻው ጠርቼ ጠየቅሁት።

«ውኃማ አልጨመርንም፤» አለኝ። «ወደ መቅደስ የሚገባ ዕቃ ሁሉ እንዲባረክ ብለው ቄሰ ገበዝ ጸሎት አድርሰው ጠበል ጨመሩበት። ሲጨመርበት ደግሞ ብሩሹ ቀለል አለን። እኛም በየጊዜው ከማሰሮው እየቀዳን ጨመርንበት። ጠበልማ ምን ይጎዳል ብለን?»

እሱ ምን አጠፋ? ወደ መቅደስ የሚገባ መጋረጃም ሆነ ምንጣፍ ሳይባረክ እንደማይገባ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ሳንቃው አጠገብ ቆሜ ስለ ውኃ ስሰብክ ስለ ጠበል መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። ከአከፋፋዩ የሰማሁትን እንደ በቀቀን ደገምሁና ሄድሁ።

በነጋታው ልነግራቸው አሰብሁ። በነጋታው ግን ሰው ከየአጥቢያው መምጣት ጀመረ፤ አባቴም ለመጣው ሁሉ ያችን ባልዲ እያሳዩ የበረከቱን ነገር ይተርካሉ። ከበዓሉ በኋላ እነግራቸዋለሁ አልሁ። ከበዓሉ በኋላ ጾም ገባ፤ ከጾሙ በኋላ አልሁ። ከዚያ ዝናቡ መንገዱን ዘጋው፤ እኔም ደስ አለኝ። አዎ፣ መንገዱ በመዘጋቱ ደስ ብሎኝ ነበር። እንደ እኔ ያለ ፈሪ ሰበብ አጥቶ አያውቅም።

ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ሱቄ ውስጥ ምስማር ስመዝን ስልኬ ጮኸ። ከቅዳሴ በኋላ ከዕጣን ማጠኛው ጽና የወደቀ ፍም ምንጣፉን ይዞት መቅደሱ ተቃጥሏል። አመሻሽ ላይ ስደርስ ጣራው ወድቋል፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ። አባቴ እሳቱ ውስጥ ገብተው ታቦቱን አውጥተዋል። ሁለተኛ ሊገቡ ሲሉ ሰው አንቆ አስቀራቸው። ድጓው እዚያው ቀረ።

እሳቱ ጠፍቶ ሰው ወደ አባቴ ሲሰበሰብ እኔ ቅኔ ማኅሌቱ ወደነበረበት ሄድሁ። እኔ የቀባኋቸው ምሰሶዎች ቆመዋል። በላያቸው ላይ ቀለሙ ተነፍቶ እንደ ከሰል ጠቁሯል። በቢላ ፋቅሁት። ከሥሩ ጥዱ እንዳለ ነው፤ ሽታው ራሱ አልጠፋም። ሁለተኛውንም ፋቅሁ፤ ሦስተኛውንም። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ቀለሙ ቢከሽፍ ይሻለኝ ነበር። ከቀለሙ ይልቅ የከሸፍሁት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ሰበካው ከደጀ ሰላሙ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። አባቴ እጃቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ተነሥተው ቆሙ።

«ይኸ የኔ ኃጢአት ነው፤» አሉ። «በረከት ነው ብዬ ተመጻደቅሁ፤ እግዚአብሔር አሳየኝ። ከእንግዲህ ታቦት ፊት አልቆምም። ሌላ ቄሰ ገበዝ ምረጡ።»

ከሃምሳ ዓመት በላይ ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ ከቅዳሴ ውጪ ሌላ ሕይወት አያውቁም። እዚያ ቤት ገብተው ካላነበነቡ ይሞታሉ፤ ይህን ለመናገር ሐኪም አያስፈልገኝም። ዲያቆኑን ፈልጌ አየሁት። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። እውነቱን ብናገር አባቴ መቅደሱን ያቃጠለው የባረኩበት እጃቸው መሆኑን ሊሰሙ ነው። ዝም ብል ደግሞ እግዚአብሔር ተቆጣኝ እያሉ ሊሞቱ ነው። ያችን ሰዓት እስከ ዛሬ እረግማታለሁ።

ተነሣሁና፣ «የኔ ጥፋት ነው፤» አልሁ። «ቀለሙ ፎርጅድ ነበር። ባሕር ዳር ተታለልሁ።»

ጉርምርምታ ተነሣ። አንዱ ሽማግሌ «ለእግዜር ቤት ፎርጅድ ታመጣለህ?» ብለው በትራቸውን አነሡብኝ። አባቴ መሐል ገቡ።

«ልጄ ነው፤ ተታሎ ነው፤» አሉ። «ማሩት።»

ማሩኝ። አባቴም ከሕዝቡ ልመና ብዛት ሹመታቸውን ሳይለቁ ቀሩ። ያን ቀን ማታ እራት ሲበሉ አየኋቸው፤ ከቃጠሎው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

የዚያ ቃሌ ወሬ ግን ከወገዳ መካነ ኢየሱስ፣ ከዚያም አልፎ ደረሰ። ሱቄ የሚገባ ግንበኛ ሁሉ «ያ ነዳጅህ አለ?» እያለ ይስቃል። ሆቴል የሚሠራ አንድ ሰው ለጣራው እንጨት ቀለሙን ሊገዛ ቀጠሮ ይዞ ነበር፤ ሰምቶ ተወው። በጓዳዬ የቀሩት ባልዲዎች ክዳናቸው ላይ አቧራ ጠጥቷል። ገበያው ቢሞት ግድ የለኝም ብዬ ነበር፤ ውሸቴን ነው። ያ ሆቴል ሰው አድሮበት የሚነድ እየመሰለኝ እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ አለ። ደህናዎቹን ምሰሶዎች ደግሞ እሳት የነካው እንጨት አይሆንም ብለው ፈልጠው ለመሥዋዕቱ መጋገሪያ ማገዶ አደረጓቸው። ምን ብዬ እከለክላለሁ?

ዘንድሮ አዲሱ ሕንፃ ተነሥቷል፤ አሁንም በጥድ። የሕንፃ ኮሚቴው እንጨቱ ቫርኒሽ ይቀባ ብሎ ወሰነ። ቫርኒሽ ያምራል፤ ያብለጨልጫል። የተቀባው እንጨት ግን እሳት ሲነካው ከባዶው ይልቅ ፈጥኖ ይነዳል። ይህን ለአንድ የኮሚቴ አባል ብነግረው ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንተ ስለ እሳት ባታወራ ይሻላል» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ቫርኒሹን ሊወስዱ የመጡት አባቴ ራሳቸው ናቸው። እጃቸው ድኗል፤ ሁለት ጣቶቻቸው ብቻ በደንብ አይታጠፉም። ሰው ከሌላ ሱቅ ይገዛ ሲል፣ ከልጄ ሱቅ ካልሆነ ብለው ተከራክረው ነው የመጡት፤ ስሜን ሊመልሱልኝ። ከልቡ የሚያምነኝ ሰው በዚህ ምድር ካለ እሳቸው ናቸው። እነግራቸዋለሁ ብዬ አፌን ከፈትሁ። አንዱን ጣሳ አንስተው ወደ ብርሃን አዙረው እያዩት ነበር።

«ይኸስ እውነተኛ ነው?» አሉኝ፤ ቅር እንዳይለኝ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አዎ አባቴ፤» አልኋቸው። «ይኸ እውነተኛ ነው።»

ባረኩኝ። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ መኪናው ላይ ጫንሁላቸው።